የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሣጥናችን ቁልፍ ሲለወጥ

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቼ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት በተቀጠርሁ ጊዜ፣ የቤቱ ደብዳቤ ይመጣ የነበረው በፖስታ ሣጥን ነበር። የሣጥኑ ቁልፍ አንዲት ብቻ ስትሆን እርስዋም በክር ተንጠልጥላ በተላላኪያችን አንገት ላይ ትውል ነበር። ተላላኪው በየጧቱ ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን ከፍቶ፣ የባንኩን ደብዳቤ ለብቻ፣ የውጭ አገሩን ለብቻ፣ የማስታወቂያውን ወረቀት ለብቻ ለይቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖርልኝ ነበር። ታሞ የቀረ ዕለትም ደብዳቤ ያልመጣው ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠያቂ አያስፈልገንም ነበር፤ ወንበሩ ባዶውን ይታያልና።

ያ ተላላኪ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። የፖስታ ሣጥኑ እስከ አሁን በስማችን ቢኖርም የውጭ አገር ሻጮችና የባንኮች ደብዳቤ አብዛኛው የሚመጣው በኢሜይል ነው። የተላላኪውንም ሥራ አንድ ወጣት ኢንጂነር በሠራልን ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተክተነዋል። ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው የኢሜይል ሣጥናችንን ከፍቶ አዲስ የገባውን ይመለከታል፤ ፕሮፎርማ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት ወይም ቢል ኦፍ ሌዲንግ በአባሪነት የመጣ እንደሆነ በሻጩ ስም በተከፈተው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ የጭነት ሰነድ ከሆነ ለትራንዚተራችን አንድ ቅጂ ይልካል፤ ለደንበኞችም ትእዛዛቸው መድረሱን የሚገልጽ አጭር መልስ ይጽፋል። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈው አሠሪዬ ይህን ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ተላላኪው» ብለው ስለሚጠሩት፣ እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

እንዲህ ያለ ተላላኪ ያለው የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ከምክር ቤታችን አባላት ብዙዎቹ ሳያስተውሉት አላቸው። በወሩ መጨረሻ ላይ ኢንቮይስ ለደንበኛ በኢሜይል የሚልክ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ሰነድ ስካን አድርጎ በቀጥታ በኢሜይል የሚያስተላልፍ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የሱቅ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያሳውቅ ፕሮግራም፣ እነዚህ ሁሉ ባለቤቱ ሳያይ በኢሜይል ሣጥኑ በር የሚገቡና የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ የበሩ ቁልፍ በተለወጠ ጊዜ ሁሉም ውጭ ይቀራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቁልፉ ስለ ምን እንደሚለወጥና ተላላኪው ውጭ እንዳያድር ምን ማድረግ እንደሚገባ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በቅድሚያ በእኛ ቤት የደረሰውን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቱርክ አንድ ኮንቴይነር የልብስ ስፌት ክርና ዚፕ አዝዘን ነበር። ሻጩ ዕቃውን ለመጫን ሲሰናዳ፣ እንደ ልማዱ የቢል ኦፍ ሌዲንጉን ረቂቅ በኢሜይል ልኮ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ስሕተት ካለ እንድናመለክት ጠየቀ። በረቂቁ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ክብደት ከኢንቮይሱና ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር አይስማማም ነበር። እኔ ግን ረቂቁን አላየሁትም። በየጧቱ የምመለከተው ተላላኪው የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ሲሆን፣ ፎልደሩም ባዶ ነበር። «ደብዳቤ አልመጣም ወይ?» ብለው ጋሼ ሲጠይቁኝ፣ «አልመጣም፤ ሻጩ ዘገየ» ብዬ እመልስ ነበር። በመካከሉም ለሻጩ «ረቂቁን ስለ ምን አልላክህም?» የሚል የቁጣ ደብዳቤ ለመጻፍ ተሰናድቼ ነበር፤ አለመጻፌ ከኀፍረት አዳነኝ።

የደረሰውን ነገር ያወቅነው በአምስተኛው ቀን ሻጩ በስልክ ደውሎ መርከቡ መነሣቱን በነገረን ጊዜ ነው። በኤልሲ ደንብ የሰነድ አለመጣጣምን ገዢው ተስማምቶ ሊቀበለው ቢችልም፣ ክብደት ግን ከመርከቡ ማኒፌስትና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጋር የተያያዘ ነገር ስለሆነ በእኛ ፈቃድ ብቻ የሚታለፍ አልነበረም። እርማቱ በመርከቡ ወኪል በኩል እስኪፈጸም ድረስ ኮንቴይነሩ ከነፃ ቀኑ አልፎ ጅቡቲ ቆመ። የዲመሬጅና የወደብ መጋዘን ኪራይ በዶላር እንደሚቈጠር ለአስመጪ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ጭነት ላገኘው ይገባ የነበረው የቤቱ ትርፍ በዚሁ ተበላ።

ነገሩ ሲመረመር የሚከተለው ተገኘ። የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ድርጅት በቀድሞው የይለፍ ቃል ብቻ ወደ ሣጥኑ የሚገቡትን ፕሮግራሞች ከእንግዲህ እንደማይቀበል ከብዙ ወራት በፊት አስታውቆ ኖሯል። ማስታወቂያውንም ከአንድ ጊዜ በላይ ልኮልናል። ነገር ግን «ማስጠንቀቂያ» የሚል ርእስ ያለውንና ከማናውቀው አድራሻ የመጣውን ሁሉ ወደ ማስታወቂያ ፎልደር እንዲወስድ ያዘዝነው ተላላኪው ራሱ ስለሆነ፣ ሊባረር መሆኑን የሚናገረውን ደብዳቤ በገዛ እጁ ከዓይናችን ሰውሮት ነበር። ቀኑ ሲደርስ በሩ ተዘጋበት። እርሱም በየ10 ደቂቃው እየሄደ በሩን ያንኳኳል፣ አይከፈትለትም፣ ይመለሳል፤ ለማንም አልተናገረም፤ እንዲናገር ማንም አላዘዘውምና። እንደ ፖስታ ቤቱ ተላላኪ ባዶ ወንበር የለውም። ለእኔ «ደብዳቤ የለም» እና «ተላላኪው አልገባም» አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው።

በዚያን ሰሞን አገልግሎት ሰጪዎችን ክፉኛ አማርሬ ነበር። የሚሠራን ነገር ስለ ምን ያበላሻሉ? በኋላ ግን ምክንያቱን ስረዳ ቁጣዬ ቀነሰ፤ ሁሉም ባይጠፋም።

ኢሜይል የሚላክበት ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. የተባለው ሥርዓት በ1982 የታተመ ነው፤ ደብዳቤው ከሣጥን የሚነበብበት አይማፕ የተባለውም የተወጠነው በዚያው በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያን ዘመን የመረቡ ተጠቃሚዎች በአብዛኛው እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ የዩኒቨርሲቲና የምርምር ሰዎች ስለነበሩ፣ ስምና የይለፍ ቃል መናገር ይበቃ ነበር። እኛም ፕሮግራማችንን ስናሠራ የይለፍ ቃሉን በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ እንዳለ ጻፍነው። ይህ ማለት የቤቱን ማኅተም ለተላላኪው ሰጥቶ፣ ተላላኪውም በደረሰበት ሁሉ በኪሱ ይዞት እንዲዞር ማድረግ ነው። ማኅተሙን ያገኘ ሰው ሁሉ ቤቱን መስሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የይለፍ ቃሉን ያገኘም እንደዚሁ ከየትም አገር ሆኖ ደብዳቤያችንን ሁሉ ሊያነብ፣ በስማችንም ሊጽፍ ይችላል። በስልክ የሚመጣው ሁለተኛ ማረጋገጫ ደግሞ በዚህ በአሮጌው በር በኩል የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም። ባለቤቱ የፊት ለፊቱን በር በሁለት መቈለፊያ ቢዘጋም፣ ሌባው በጓሮ በር በአንድ ቁልፍ ይገባ ነበር።

ለነጋዴ የሚያሰጋው ሌባ ደግሞ ገብቶ ወዲያው የሚዘርፈው አይደለም። ገብቶ ዝም የሚለው ነው። ሳምንታት ሙሉ ደብዳቤ ያነባል፤ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ክፍያው በየትኛው ቀን እንደሚፈጸም፣ ጸሐፊው በምን ዓይነት ሰላምታ እንደሚጽፍ ያጠናል፤ ከሻጩ የሚመጣው ደብዳቤ ለራሱ እንዲተላለፍና ከባለቤቱ እንዲሰወር ደንብ ያስገባል። የክፍያው ቀን ሲቃረብ በሻጩ ስም «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ ይልካል። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ለ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በንግድ ኢሜይል ላይ የሚፈጸም የዚህ ዓይነት ማጭበርበር በዚያ ዓመት ብቻ 21,489 አቤቱታዎች እንደቀረቡበትና የጠፋውም ገንዘብ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ገልጧል። በውጭ ምንዛሪ እጥረት ስንት ወር ተጠብቆ የተገኘ ዶላር በአንድ የተሳሳተ የሒሳብ ቁጥር ቢሄድ ምን እንደሚሆን አንባቢው ራሱ ይገምተው።

እንግዲህ አገልግሎት ሰጪዎቹ የጓሮውን በር መዝጋት የጀመሩት ስለዚህ ነው። ያሁ በኦክቶበር 2020 ዘጋ። ጉግል ለግል የጂሜይል ሣጥኖች ሜይ 30 ቀን 2022 ዘጋ፤ ድርጅቶች በክፍያ ለሚጠቀሙባቸው ሣጥኖች ግን እስከ 2025 ድረስ ቀስ በቀስ አደረገው። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች ሣጥኖች ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በየተራ ዘጋ፤ አውትሉክ ለተባለው የግል ሣጥን ደግሞ ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ አዲሱን የመግቢያ ሥርዓት ግዴታ አደረገ።

ያልጠፋው ቁጣዬ እዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን በ2019 ሲያስታውቅ የሰጠው ቀነ ገደብ ኦክቶበር 13 ቀን 2020 ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2021 ተላለፈ፤ ከዚያም እንደገና ወደ 2022 ተላለፈ። ፕሮግራሞች በይለፍ ቃል ደብዳቤ የሚልኩበት የኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በርም በሴፕቴምበር 2025 መዘጋት እንዲጀምር ተነግሮ ሳለ ተራዝሟል። ማራዘሙ ለተጠቃሚው ታዝኖለት መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን «ነገ ይዘጋል» ተብሎ ሦስት ጊዜ ሳይዘጋ የቀረን በር በአራተኛው ጊዜ ማን ይጠብቀዋል? ማስታወቂያዎቹም የሚጻፉት ለኢንጂነር በሚሆን ቋንቋ ስለሆነ፣ ጸሐፊ አንብቦ ለአሠሪው የሚያስረዳው ነገር አያገኝበትም።

አሁን ወደ መፍትሔው እንለፍ። ሁለት ዓይነት አዲስ ቁልፍ አለ።

የመጀመሪያው አፕ ፓስወርድ የሚባለው ነው። በጉግል ዘንድ ይህ 16 ፊደላት ያሉት፣ አገልግሎት ሰጪው ራሱ የሚያወጣውና ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚሰጥ የይለፍ ቃል ነው። ይህን ለማግኘት አስቀድሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መከፈት አለበት። ጥቅሙ፣ ፕሮግራሙ ሳይለወጥ አሮጌውን ቃል በአዲሱ በመተካት ብቻ ሥራ መቀጠሉ፣ እንዲሁም አንዱ ቢጠፋ ዋናውን ሳይነኩ እርሱን ለብቻው መሻር መቻሉ ነው። ጉድለቱ ግን ሣጥኑን በሙሉ የሚከፍት ቁልፍ መሆኑ አለመቅረቱ ነው። ለፎቶ ኮፒ ማሽንና ሌላ ለማያውቅ አሮጌ መሣሪያ፣ አገልግሎት ሰጪው እስከፈቀደ ድረስ፣ ይህ ይበቃል። ለጊዜው የሚሆን ነገር እንጂ ለዘለቄታው የሚታመኑበት አይደለም።

ሁለተኛው ኦአውዝ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት ሁለተኛው እትም በኦክቶበር 2012 የወጣ ነው። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ ውክልና ነው። ነጋዴ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ማኅተሙን ለሠራተኛው ሰጥቶ አይሄድም፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ቀርቦ፣ ተወካዩ ይህን ይህን ጉዳይ ብቻ እንዲፈጽም ልዩ ውክልና ይሰጣል፤ በፈለገም ጊዜ ይሽረዋል። በኦአውዝም ባለቤቱ አንድ ጊዜ ራሱ ገብቶ፣ የይለፍ ቃሉንና ሁለተኛውን ማረጋገጫ ሰጥቶ፣ «ይህ ፕሮግራም ደብዳቤዬን ያንብብ» ብሎ ይፈቅዳል። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን ከቶ አያየውም። የሚሰጠው ቶከን የሚባል የመግቢያ ወረቀት ሲሆን፣ በጉግል ዘንድ ይህ ወረቀት የሚያገለግለው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ፕሮግራሙ በእጁ ያለውን ማደሻ ቶከን፣ ማለት የውክልናውን ወረቀት፣ አሳይቶ አዲስ ይቀበላል። ሌባ የመግቢያ ወረቀቱን ቢነጥቀው ከአንድ ሰዓት በላይ አይጠቅመውም።

ተላላኪያችንን ወደዚህ ሥርዓት ያሻገረው ያው ወጣት ኢንጂነር ነው። በዚያን ጊዜ ለሥራ ወደ ዱባይ ሄዶ ስለነበር ሥራው የተፈጸመው በስልክና በቴሌግራም ነው። አንድ ነገር ደግሞ ያኔ ተገለጠ፤ ፕሮግራሙ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የተመዘገበው በቤቱ ስም ሳይሆን በወጣቱ በራሱ የግል ስም ኖሯል። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ምንም ችግር አልደረሰም፤ ግን የቤታችን ደብዳቤ የሚነበብበት ፈቃድ ዱባይ በሚኖር ሰው የግል ሒሳብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንባቢዎቻችን ፕሮግራም ሲያሠሩ ምዝገባው በድርጅታቸው ስም እንዲሆን በውሉ ላይ ቢያጽፉ መልካም ነው።

ውክልናው ከተሰጠ በኋላ ሁሉ ነገር አለቀ ብለን ነበር። አላለቀም። በስምንተኛው ቀን ተላላኪው እንደገና ውጭ ቀረ። አዲስ ፈቃድ ሰጠነው፤ ሳምንት ሠርቶ ዳግመኛ ቀረ። ምክንያቱ የተገኘው ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ ነው፤ ፕሮግራሙ በጉግል ዘንድ «በሙከራ ላይ» ተብሎ የተመዘገበ እንደሆነ፣ ማደሻ ቶከኑ በ7 ቀን ያልቃል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ደንቡ በግልጽ ተጽፎ ይገኛልና። ምዝገባው ከሙከራ ወደ መደበኛ፣ ወይም ድርጅቱ የራሱ የጉግል ወርክስፔስ ያለው ከሆነ «ለውስጥ አገልግሎት» ወደሚለው ሲዛወር የሰባት ቀኑ ገደብ ይነሣል።

ውክልና የሚቋረጥባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ለስድስት ወር ያልተሠራበት የጉግል ማደሻ ቶከን ይሻራል፤ ይህም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ለዓመታዊ ሒሳብ የሚነሣ ፕሮግራም ላላቸው ቤቶች የሚደርስ ነው። በማይክሮሶፍት ዘንድ ለድርጅት ፕሮግራም የሚሰጠው የምሥጢር ቃል በመመዝገቢያው ገጽ ሲወጣ ከ24 ወር በላይ አይቈይም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ችግር የሠራ ፕሮግራም በአንድ ጧት የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በእኛ አገር ቢሮዎች የሚያጋጥመው የይለፍ ቃል መለወጥ ነው። የጂሜይል ባለቤት ዋናውን የይለፍ ቃል የለወጠ እንደሆነ፣ ደብዳቤ ለማንበብ የተሰጡት ማደሻ ቶከኖችም አፕ ፓስወርዶቹም አብረው ይሻራሉ። አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ባለቤቱ ለጥንቃቄ የይለፍ ቃል ይለውጣል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን በዚያው ሰዓት ተላላኪውንም አብሮ እንዳሰናበተው አያውቅም። በዚያ ዕለት ለተላላኪው አዲስ ፈቃድ መስጠት የለውጡ ክፍል ተደርጎ ይያዝ።

ስለ ሁለተኛው ማረጋገጫም ጥቂት ልናገር። ቁጥሩ በስልክ መልእክት የሚመጣ ከሆነ፣ ስልኩ በማን ኪስ ነው? የእኛ ሣጥን ማረጋገጫ የሚመጣው በጋሼ ስልክ ነበር። ጋሼ ዕቃ ለማየት ወደ ጓንግዡ በሄዱ ጊዜ አዲስ ፈቃድ መስጠት አስፈለገ፤ ስልካቸው ግን በዚያ መልእክት አይቀበልም ነበር። እርሳቸው እስኪመለሱ ድረስ ዘጠኝ ቀን በሙሉ ደብዳቤውን ሁሉ ከፍቶ በቀረው በአንድ ኮምፒውተር ላይ በእጄ ስለይ ሰነበትሁ። አሁን የምንጠቀመው በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ቁጥር የሚያወጣውን የማረጋገጫ አፕ ነው፤ ይህ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ በጋሼም በእኔም ስልክ ላይ ተመዝግቧል። ጉግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮችም በወረቀት አትመን፣ በፖስታ አሽገን ካዝና ውስጥ አስቀምጠናል። እያንዳንዱ ቁጥር የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከፖስታው ሲወጣ ይሠረዛል።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ደግሞ መርሳት የሌለበት ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ በውስጡ ያለችው ትንሽዋ ባትሪ ያለቀባት አሮጌ ኮምፒውተር ቀኑን ወደ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ያን ጊዜ የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት ቀኑ ያልደረሰ መስሎ ስለሚታያት ግንኙነቱን ትከለክላለች፤ ሰው ግን የይለፍ ቃሉ የተበላሸ ይመስለዋል። እንዲሁም ቲ.ኤል.ኤስ. የተባለው የምሥጢር ሥርዓት አሮጌዎቹ 1.0 እና 1.1 እትሞች በማርች 2021 በይፋ ከአገልግሎት እንዲወጡ ስለተወሰነ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን የማያውቅ አሮጌ ማሽን ቁልፉ ትክክል ቢሆንም በሩ ላይ ይቀራል።

ችግር ያጋጠመው ሰው የሚፈተንበትን ነገር ሳልናገር ባልፍ ሥራዬን አልፈጸምሁም። አንዳንዱ «ፕሮግራሙ ይሠራ ዘንድ» ብሎ ሁለተኛውን ማረጋገጫ ያጠፋል፤ ይህ በሩን ለተላላኪ ሲል ለሌባም መተው ነው፤ ብዙ ጊዜም በሩ ለተላላኪው ሳይከፈት ይቀራል። ሌላው እንደ ሰው በመግቢያው ገጽ ላይ ስምና የይለፍ ቃል እየጻፈ የሚገባ ፕሮግራም ያሠራል፤ አገልግሎት ሰጪው ይህን እንደ ሌባ ቈጥሮ ሣጥኑን በሙሉ ሊያግደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ተላላኪው ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም ውጭ ይቀራል። በስልክ ደውሎ «የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ፣ እኔ አስተካክላለሁ» የሚል ሰው የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ስልኩን መዝጋት ነው፤ ጨዋነት አያስፈልገውም።

ፕሮግራም ለሌለው ባለ ሱቅ ይህ ሁሉ የሚያገባው አይመስልም ይሆናል። ነገር ግን በስልኩ ላይ ያለው የኢሜይል አፕ አንድ ቀን በድንገት እንደገና ግባ ቢለው፣ ያው የበሩ መለወጥ ነው፤ ሣጥኑን ከአፑ አውጥቶ እንደገና በማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ይህን ከማድረጉ በፊት የይለፍ ቃሉን ማወቁን ያረጋግጥ፤ ስልኩን የሸጠለት ልጅ የከፈተለት ሣጥን ከሆነ ይህ ቀላል አይሆንምና።

ከጅቡቲው ኪሣራ ወዲህ በቤታችን የተሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ገንዘብ አልጠየቁም። አንደኛው የቁልፎች መዝገብ ነው። ተራ የሒሳብ ደብተር ላይ ሣጥኑን፣ በእርሱ የሚገባውን ፕሮግራም ወይም ማሽን፣ የቁልፉን ዓይነት፣ የተሰጠበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ ኃላፊውን ሰው እጽፋለሁ። የይለፍ ቃል ራሱ በዚህ መዝገብ ላይ ከቶ አይጻፍም። የቢሯችን ፎቶ ኮፒ ማሽን በማን ሣጥን በኩል እንደሚልክ ያወቅነው ይህን መዝገብ ስንሞላ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት በለቀቀች የሒሳብ ሠራተኛ ሣጥን ነበር።

ሁለተኛው ተላላኪውን ማናገር ነው። በየጧቱ በ2 ሰዓት ተኩል «ገብቻለሁ፤ ከትናንት ወዲህ ይህን ያህል ደብዳቤ አገኘሁ» ብሎ በቴሌግራም እንዲጽፍልን ታዝዟል። በቴሌግራም የሆነበት ምክንያት፣ ከበሩ ውጭ የቀረ ተላላኪ ውጭ መቅረቱን በዚያው በር በኩል ሊያስታውቅ ስለማይችል ነው። ቁጥሩ ዜሮ ቢሆንም መጻፍ አለበት። በ3 ሰዓት መልእክቱ ካልደረሰ፣ ሌላ ሥራ ሁሉ ቆሞ ሣጥኑን በእጄ እከፍታለሁ። ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ ወደ የትኛውም ፎልደር እንዳይወሰድ ተከልክሏል። ይህ ለላኪዎች ይበልጥ ያስፈልጋል። ዩ.ሲ.ፒ. 600 በተባለው ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ ኤልሲው ሌላ ካልወሰነ በቀር የጭነት ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። ከዚህ ውስጥ አምስቱ ቀን ባዶ ፎልደር በማየት ቢያልፍ የቡና ላኪው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚወድቅ ራሱ ያውቃል።

መልእክቱ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀርቷል። አንዱ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ቀን ሲሆን፣ ሁለተኛው ጋሼ ሳይነግሩኝ የይለፍ ቃል የለወጡበት ነው። በሁለተኛው ቀን 3 ሰዓት ሲሆን ሣጥኑን ለመክፈት ሞክሬ እምቢ ስላለኝ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ ቁልፉን ለውጠዋል እንዴ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ትናንት ማታ ነው፤ ለተላላኪው መንገር ያንቺ ሥራ መስሎኝ» አሉኝ። ፈቃዱን በ20 ደቂቃ ውስጥ አደስንለት፤ በመዝገቡም ላይ አዲሱን ቀን ጻፍሁ።